ከማጀት የወጣ ግለ ታሪክ፦ የቤንጋል ሴቶች ስለ ራሳቸው መጻፍ የጀመሩበት ዘመን

ግለ ታሪክ፣ ማለትም ሰው የገዛ ሕይወቱን በገዛ ብዕሩ የሚተርክበት የጽሑፍ ዘርፍ፣ ፊደል ከማወቅና ወረቀት ከማግኘት በፊት አንድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይኸውም የራስ ሕይወት ለሌላ ሰው ሊነገር የሚገባው ነው ብሎ ለመነሣት የሚያበቃ ፈቃድ ነው። ነገሥታት፣ የጦር አለቆችና ሊቃውንት ይህን ፈቃድ ከሥልጣናቸውና ከዕውቀታቸው ያገኙት ስለነበር ለማን ብለው እንደሚጽፉ የሚጠይቃቸው አልነበረም፤ ከማጀት ወጥታ የማታውቅ፣ ስሟ በባሏና በልጆቿ ስም ተሸፍኖ የኖረች ሴት ግን ለመጻፍ ስትነሣ ቃሏን የሚቀበልላት፣ «ለእርሱ እነግራለሁ» የምትለው አንድ አድማጭ መፈለግ ነበረባት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቤንጋል፣ ዛሬ ባንግላዴሽና የሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ተብሎ በተከፈለው በዚያ የወንዝና የሩዝ አገር፣ ሴቶች ስለ ራሳቸው መጻፍ የጀመሩበት ታሪክ ከሁሉ በላይ የዚህ ፍለጋ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚያ ዘመን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በተሐድሶ አራማጅ ወንዶች ሥራ በኩል ነው። ራም ሞሃን ሮይ በ1828 ብራህሞ ሳማጅ የተባለውን፣ ጣዖትን ትቶ አንዱን አምላክ ብቻ ለማምለክ የተነሣውን ማኅበር መሠረተ፤ በ1829 የእንግሊዝ አስተዳደር ሚስት ከሞተ ባሏ አስከሬን ጋር በእሳት የምትቃጠልበትን ሳቲ የተባለ ልማድ በሕግ አገደ፤ በ1849 በካልካታ ከተማ ቤትዩን የተባለው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1856 ኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋር የተባለው ሊቅ ባደረገው ብርቱ ክርክር ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች እንደገና እንዲያገቡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ በ1863 ደግሞ ንባብንና ዕውቀትን በቤት ለተቀመጡ ሴቶች ለማድረስ የታሰበ «ባማቦዲኒ ፓትሪካ» የተባለ መጽሔት መታተም ጀመረ። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ክንውኖች ናቸው፤ ሴቲቱ ግን በእነርሱ ውስጥ የምትታየው ሌሎች ሲከራከሩባት፣ ሲያድኗት፣ ሲያስተምሯትና ሲፈቅዱላት እንጂ ራሷ ስትናገር አይደለም። በቤንጋሊ ቋንቋ ታትመው ከወጡት ሙሉ ግለ ታሪኮች የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለትን መጽሐፍ የጻፈችው ሴት ደግሞ በዚህ የተሐድሶ ጎዳና አላለፈችም፤ ትምህርት ቤት አልተመዘገበችም፣ የለውጥ ማኅበር አባል አልነበረችም፣ መምህርም አልነበራትም።

ዊልያም አዳም የተባለው ስኮትላንዳዊ ሚሲዮናዊ ከ1835 እስከ 1838 ድረስ የቤንጋልንና የቢሃርን አገር በቀል ትምህርት መርምሮ ለመንግሥት ባቀረበው ዘገባ፣ በአብዛኞቹ የሂንዱ ቤተሰቦች ዘንድ ማንበብና መጻፍ የተማረች ልጅ ካገባች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ባሏ ይሞትባታል የሚል እምነት መኖሩን መዝግቧል። የዚህ እምነት ክብደት የሚገባው የመበለትን ኑሮ ለሚያውቅ ነው፤ ከፍ ባሉት የሂንዱ መደቦች ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ጌጧን አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ፣ ሥጋና ዓሣ ትታ፣ ከሠርግና ከደስታ ሥፍራ ርቃ ዕድሜዋን እንድትጨርስ ይጠበቅባት ነበር። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ነውር ብቻ ሳይሆን የባልን ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር፤ እናት ልጇን ከንባብ የምታርቀውም በክፋት ሳይሆን በፍርሃት፣ ከዚያም አልፎ በፍቅር ነበር። ከፍቅር የሚወጣ ክልከላ ደግሞ ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ ይጠነክራል፤ አዋጅ ሲሻር ይሻራል፣ የእናት ሥጋት ግን ከልጅ ወደ ልጅ ይወረሳል።

ራሽሱንዳሪ ዴቪ በ1809 ገደማ፣ ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ በሚገኘው በፓብና አውራጃ፣ ፖታጂያ በተባለ መንደር ተወለደች። አባቷ የሞተው ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ገደማ ስለሆነ ያሳደገቻት እናቷ ናት፤ ልጅቷ እጅግ ፈሪ ስለነበረችም እናቷ ፍርሃት በመጣባት ቁጥር የቤተሰቡን አምላክ ዳያማዳቭን እንድትጠራ አስተማረቻት። አንድ ቀን ቤታቸው በእሳት ሲያያዝ ልጆቹ ሸሽተው ብቻቸውን በቀሩበት ሰዓት ይህን ስም እያለቀሱ ጠሩ፤ የሚያልፍ ሰው አንሥቶ ወደ ቤታቸው መለሳቸው። ራሽሱንዳሪ ያዳናቸው ዳያማዳቭ ራሱ መስሏት ስትጠይቅ እናቷ ያነሣቸው ሰው መሆኑን፣ ጩኸታቸውን የሰማው ግን በሥፍራ የማይወሰን የሁሉ አምላክ መሆኑን አስረዳቻት። ይህ ትምህርት የልጅነት ትዝታ ሆኖ ብቻ አልቀረም፤ በየትኛውም ማዕዘን፣ በማጀትም ጭምር፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሊያናግሩት የሚቻል አድማጭ መኖሩን ያወቀችበት ትምህርት በመሆኑ ከስልሳ ዓመት በኋላ ለጻፈችው መጽሐፍ መሠረት ሆኗል።

ከቤታቸው ግቢ በውጭ በኩል የወንድ ልጆች ትምህርት ቤት ነበር፤ አጎቷም ልጅቷን እያለበሰ ወስዶ እዚያ ያስቀምጣት ነበር፤ የሚያስቀምጣት ግን እንድትውል እንጂ እንድትማር አልነበረም። ልጆቹ ፊደሉን መሬት ላይ እየጻፉ በታላቅ ድምፅ ያነበንቡታል፤ ሀሁ በየኔታ ፊት ሲቆጠር የሰማ ሰው እንደሚያውቀው፣ በጩኸት የሚጠና ፊደል በአጠገቡ ለተቀመጠ ሁሉ ይደርሳልና ራሽሱንዳሪም ማንም ሳያስተውላት የፊደሉን መልክና ድምፅ በልቧ ያዘች። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ያ ቤት ተቃጠለ፤ ትምህርት ቤቱም በዚያው ቀረ።

በ12 ዓመቷ ተዳረች። ከእናቷ ቤት በጀልባ ተጭና በፋሪድፑር አውራጃ ወደሚገኘው ወደ ራምዲያ መንደር ስትወሰድ የተሰማትን ስትገልጽ ራሷን ለመሥዋዕት በምትነዳ ፍየል መስላለች፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮዋም ስትናገር በቀፎ ውስጥ እንደተዘጋች ወፍ መሆኗን ደጋግማ ጽፋለች። እንዲህ ብትልም ባለውለታን የምትረሳ ሰው አይደለችም፤ አማቷ በእቅፏ እያሳደረች እንዳባበለቻት፣ የባሏ ቤተሰቦችም በደግነት እንደያዟት በምስጋና መዝግባለች። መከራዋ ከክፉ ሰው የመጣ አለመሆኑን ደጋግማ መግለጿ መጽሐፉን ከተራ ስሞታ የሚለየው ነገር ነው፤ ሰዎቹ ደጎች ሆነው ሳለ ሥርዓቱ እንዲህ ይጫን የነበረ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው በሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ መሆኑን አንባቢው ራሱ እንዲረዳው ታደርጋለችና።

አማቷ በሕመም ስትወድቅ የቤቱ ሥራ በሙሉ በ14 ዓመቷ ሙሽራ ላይ ወደቀ። በቀን ሁለት ጊዜ ለ25 ሰው ያህል ታበስላለች፤ አስቀድማ ለቤቱ አምላክ የሚቀርበውን ምግብ፣ ከዚያ የአማቷን፣ ከዚያ የባሏን፣ የእንግዶችንና የአሽከሮችን ድርሻ ታሰናዳለች፤ የእርሷ ምግብ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ሙሽራ እስከ ደረቷ የሚደርስ ወፍራም መሸፈኛ አውርዳ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ፣ ከእግሯ ሥር ካለው መሬት በቀር ሌላ ነገር ሳታይ እንድትሠራ የዘመኑ ወግ ያዝዝ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን በ18 ዓመቷ፣ የመጨረሻውን በ41 ዓመቷ ወለደች፤ በእነዚህ 23 ዓመታት ውስጥ 12 ልጆች የወለደች ሲሆን ከእነርሱም የብዙዎቹን ሞት አይታለች።

በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል የማንበብ ምኞት አልተዋትም፤ የምትመኘው ግን ማንኛውንም መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የተለየ መጽሐፍ ነበር። «ቻይታንያ ባጋቫታ» ይባላል፤ ከ1486 እስከ 1534 የኖረውን፣ አምላክን በዝማሬና በፍቅር ማምለክን ያስተማረውን የቻይታንያን ሕይወት የሚተርክ፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ቭሪንዳቫን ዳስ በግጥም የደረሰው ገድል ነው። መጽሐፉ የሊቃውንት ቋንቋ በሆነው በሳንስክሪት ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በቤንጋሊ መጻፉ ለዚህ ታሪክ ወሳኝ ነገር ነው፤ ሳንስክሪት ቢሆን ኖሮ ፊደሉን መለየት ብቻውን የትም አያደርሳትም ነበርና። አንድ ሌሊት ይህን መጽሐፍ በሕልሟ ስታነበው አየች፤ ነቅታም መጽሐፉን በእጇ እንኳ ነክታው የማታውቅ መሆኗን እያሰበች በደስታ ተዋጠች። በዚያኑ ጊዜ ባሏ መጽሐፉን ለማስቀመጥ ወደ ውስጥ ልኮ ስሙን ለልጃቸው ሲናገር ሰማች፤ ከሌሎች መጻሕፍት መካከል ለይታ እንድታውቀውም የላይኛውን የእንጨት ሽፋን በዓይኗ ለክታ ያዘችው።

እዚህ ላይ የመጽሐፉ አሠራር ራሱ ተባባሪዋ ሆነ። በዘመኑ በየቤቱ የነበሩት የእጅ ጽሑፎች ገጾቻቸው ያልተጠረዙ፣ ከላይና ከታች በእንጨት ጠፍጣፋ ተይዘው በገመድ ብቻ የሚታሰሩ ስለነበሩ አንድ ቅጠል ቢጎድል ከውጭ አይታወቅም። ራሽሱንዳሪ አንዱን ገጽ አውጥታ በማድ ቤት ውስጥ ሸሸገችው፤ ፊደሉን የምታመሳክርበት ሌላ ነገር ስላስፈለጋትም የስምንት ዓመት ልጅ የነበረው የበኩር ልጇ ጽሕፈት ከሚለማመድበት የዘንባባ ቅጠል አንዱን ሰረቀች። ከዚያ በኋላ ምድጃው ላይ ድስቱ ሲንተከተክ፣ መሸፈኛዋ እስከ ደረቷ ወርዶ፣ በአንድ እጇ ቅጠሉን ከመሸፈኛው ሥር ይዛ በልጅነቷ በጆሮዋ የያዘችውን ድምፅ በዓይኗ ከምታየው መስመር ጋር ማገናኘት ጀመረች። ሊደብቃት የተሠራው መሸፈኛ የምታነበውን ደበቀላት። ሥራው አዝጋሚ ነበር፤ የልጁ ጽሕፈትና የገልባጩ ጽሕፈት አይመሳሰሉም፣ የያዘችውን ፊደል በሥራ ብዛት መልሳ የምትረሳበት ቀንም ብዙ ነበር፤ ሆኖም 25 ዓመት ገደማ ሲሆናት በጀመረችው በዚህ ትግል ቃላትን እየለየች፣ ከዓመታት በኋላም ገድሉን ከዳር እስከ ዳር እያነበበች ሄደች።

ምሥጢሩ ቀስ እያለ ወጣ። መበለት ሆነው በቤቱ ይኖሩ የነበሩት የባሏ እኅቶች ማንበቧን ሲደርሱበት እንደ ፈራችው አልወቀሷትም፤ ይልቁንም አብረው ለመስማትና ለመማር ፈለጉ፤ በር ላይ አንድ ሰው እያቆሙ፣ የሰው ኮቴ ሲሰሙ መጽሐፉን እየሸሸጉ ያነቡ ነበር። የሴት ንባብ ከባል ሞት ጋር በተሳሰረበት ቤት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች የመጀመሪያዎቹ አድማጮች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ እነርሱ በዚያ ማስፈራሪያ የሚያጡት ነገር አልነበራቸውምና። በውጭ ግን ሽማግሌዎች ሴቶች ሊማሩ ነው የሚለውን ወሬ ሲሰሙ ካሊ የሚባለው የጥፋት ዘመን መድረሱን ይናገሩ እንደነበር፣ እርሷም ይህን እየሰማች ዝም ትል እንደነበር ጽፋለች።

ማንበብና መጻፍ በዚያ ዘመን ሁለት የተለያዩ ጥበቦች ነበሩ። ለንባብ ስርቆት ይበቃል፤ ለጽሕፈት ግን ወረቀት፣ ቀለም፣ ብዕር፣ ከሁሉም በላይ ልጅና አሽከር የማይጠራበት የተቀመጡበት ሰዓት ያስፈልጋል። ራሽሱንዳሪ ይህን ያገኘችው በሃምሳ ዓመቷ ግድም ነው፤ ለትምህርት ከቤት የራቀው ልጇ ኪሾሪላል ለደብዳቤዎቹ መልስ ባለማግኘቱ እያዘነ ብዕሩንና ወረቀቱን ራሱ አምጥቶ ሰጣት፤ ባሏ ታሞ ለሕክምና ከመንደሩ ርቀው በተቀመጡበት ወቅትም የቤቱ ሥራ ስለቀለለላት እጇን አፍታታች። የፈቃዱ መንገድ አስገራሚ ነው፤ ለማንበብ ከልጇ የሰረቀችው ቅጠል፣ ለመጻፍ ልጇ በሰጣት ወረቀት ተተካ።

«አማር ጂባን»፣ ማለትም «ሕይወቴ»፣ በ1876 ታትሞ ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ባሏ ሞቶ እርሷም መበለት ሆና ነበር። መጽሐፉን በ88 ዓመቷ ግድም አስፍታ እንደገና አዘጋጅታዋለች፤ ያረፈችውም በ1899 ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለአምላክ በሚቀርብ የምስጋና ወይም የልመና ግጥም ይከፈታል፤ ከዚያ ትረካው ወደ ማጀት ይወርዳል። በዚያ የመጽሐፍ ዓለም ውስጥ ከዚህ በፊት ቦታ ያልነበራቸው ነገሮች ቦታ የሚያገኙት እዚህ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እህል ሳትቀምስ የቆየችበት ታሪክ ለምሳሌ የሚሆን ነው፤ ቤቱ ሩዝ ሞልቶት ሳለ፣ ሁሉን አብልታ የራሷን ልትበላ ስትል እንግዳ ስለመጣ ድርሻዋን ለእርሱ ሰጠች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለመብላት ስትቀመጥ ሕፃኑ ምግቡን አበላሸባት፤ እንደገና አብስላ እንዳትበላ ደግሞ ለራስ ብሎ ማብሰል ነውር ነበር፤ መራቧንም ለማንም አልተናገረችም። ይህን ስትጽፍ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ሰዓቱን፣ እንግዳውን፣ የሕፃኑን ልቅሶ በቅደም ተከተል ታስቀምጣለች። የመንግሥታትን ታሪክ የጻፉት የዘመኗ ወንዶች ስለ ረኃብ የሚያወሩት ዝናብ ሲጠፋና እህል ሲወደድ ነው፤ በጠገበ ቤት ውስጥ አንዲት እመቤት ልትራብ እንደምትችል ያስመዘገበች እርሷ ናት።

የፈረሱም ታሪክ እንዲሁ ነው። ጃያሃሪ የተባለውን የባሏን ፈረስ፣ ልጇን አስቀምጠው እንድታየው ወደ ውስጥ ግቢ ባመጡት ጊዜ፣ የጌታው ፈረስ ፊት እንዴት እታያለሁ ብላ አፍራ ተደበቀች፤ ባልን በቀን ብርሃን ማየት ነውር ስለነበር ነውሩ ወደ ፈረሱ ተሻገረ። በእርጅናዋ ይህን ስታስታውስ የልጅነት ሞኝነቷን ትናገራለች፤ አንባቢ ግን ከሞኝነት ይልቅ አንድ ሥርዓት እስከ አጥንት ሲዘልቅ ምን እንደሚመስል ያያል። ከሁሉም የሚያመው ስለ እናቷ ሞት የጻፈችው ነው። እናቷ በመጨረሻ ሕመሟ ልታያት ተመኘች፤ ራሽሱንዳሪ ግን የቤቱን ሥራ ትታ እንድትሄድ አልተፈቀደላትም፤ ያለ እርሷም ሞተች። ወንድ ብትሆን ኖሮ የትም ሆና እንደ ወፍ በርራ ትደርስ እንደነበር፣ ሴት ሆና በመፈጠሯ ግን በእናቷ መጨረሻ ሰዓት እንኳ መድረስ እንዳልቻለች ስትጽፍ ለዘመናት ያፈነችው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ለመናገር ያስቻላት አድማጯ አምላክ መሆኑ ነው። ባሏን አትከስም፤ የምትጠይቀው ፈጣሪዋን ነው፤ ለምን እንዲህ አድርገህ ፈጠርኸኝ፣ ለምንስ ይህን ጸጋ ሰጠኸኝ እያለች ሙግቱንም ምስጋናውንም ወደ እርሱ ታቀናለች። ለመጽሐፉ ጆቲሪንድራናት ታጎርና የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሊቁ ዲነሽ ቻንድራ ሴን መግቢያ የጻፉለት ሲሆን፣ በተለይ ሴን ያለፈውን ዘመን ደግና ታዛዥ የሂንዱ እመቤት ምስል አይቶበታል። ይህ ንባብ ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ ነው። ምስጋናውን ሰምቶ ሙግቱን ያልሰማ ንባብ ነው፤ የታሪክ ምሁሯ ታኒካ ሳርካር በ1999 ባሳተመችው ጥናት መጽሐፉ የአንዲት አማኝ ሴት የታሰበበት፣ በጥንቃቄ የተገነባ ሥራ መሆኑን እስክታሳይ ድረስም ሚዛኑ ወደዚያው አጋድሎ ቆይቷል።

ከራሽሱንዳሪ ጋር በተቀራረበ ዘመን በካልካታ ትላልቅ ቤቶች ውስጥ ሌላ ዓይነት የሴት ጸሐፊ ታየች፤ ይህቺኛዋ ሌሊት በመኝታ ቤት በባሏ የተማረች ናት። ካይላሽባሲኒ ዴቪ፣ የጸሐፊው የኪሾሪቻንድ ሚትራ ሚስት፣ ባሏ አስተምሯት ከእርሱ ጋር በየሹመት ቦታው ስትዘዋወር ያየችውን በማስታወሻ ደብተር ከትባለች። ደብተሩ ለዘመኑ ኑሮ ጥሩ ምስክር ነው፤ የፈቃዱ ምንጭ ባል በመሆኑ ግን ማስታወሻው የሚቆመው እርሱ በሞተ ጊዜ ነው፤ ሕይወቷ ከባሏ ሞት በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ቢቀጥልም።

ፈቃዱን ከባልም ከአምላክም ልታገኝ ያልቻለችው ቢኖዲኒ ዳሲ ናት። በ1863 በካልካታ ከደሃና ከተናቀ ቤት ተወለደች፤ የእናቷና የአያቷ ሠፈር የአዝማሪዎችና የሴተኛ አዳሪዎች ሠፈር ነበር። የቤንጋል ቴአትር ቤቶች ሴቶችን መድረክ ላይ ማውጣት የጀመሩት በ1873 ሲሆን ጨዋ የሚባል ቤተሰብ ልጁን ስለማይሰጥ ሴት ተዋናዮቹ ሁሉ ከእንዲህ ያለ ሠፈር የመጡ ነበሩ፤ ቢኖዲኒም በሚቀጥለው ዓመት፣ ገና 11 ዓመት ገደማ ሳለች፣ በወር 10 ሩፒ ተቀጠረች። በታላቁ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት በጊሪሽ ቻንድራ ጎሽ መምህርነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የከተማዪቱ ዋና ተዋናይ ሆነች። በ1883 ስታር ቴአትር የተሠራው ጉርሙክ ራይ የተባለ ሀብታም ወጣት እርሷን ለማግኘት ሲል በሰጠው ገንዘብ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቿ ቴአትሩ እንዲሠራ ብለው ይህን ሰው እንድትቀበለው ሲለምኗት ቤቱ በስሟ እንደሚጠራ ቃል ገብተውላት ነበር፤ ሲመዘገብ ግን ስሙ ስታር ሆነ። የተከዳችበትን ይህን ጉዳይ በግለ ታሪኳ የምትተርከው ማን ምን እንዳላት፣ መቼ እንዳወቀች እየጠቀሰች ነው። ቤቱን በእርሷ ስም የመጥራቱ ነገር የታወጀው ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ2024 መጨረሻ ሲሆን፣ ያም ቢሆን የደረሰው በመጀመሪያው ሥፍራ ላይ ላልቆመው፣ ስሙን ለወረሰው ለኋለኛው ስታር ነው።

በ1884 «ቻይታንያ ሊላ» በተባለው ተውኔት የቻይታንያን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ቢኖዲኒ ነበረች፤ ራሽሱንዳሪ በማድ ቤት ጢስ ውስጥ ቅጠል በቅጠል ያነበበችውን የዚያኑ ቅዱስ ሕይወት ሌላዪቱ ሴት በመድረክ ላይ ለበሰችው። ተውኔቱን ለማየት የመጣው ስመ ጥሩ መንፈሳዊ መምህር ራማክሪሽና ባርኳታል። ይሁን እንጂ ያቺው ከተማ የቢኖዲኒን ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አላስገባትም፤ ልጅቱም በልጅነቷ ሞተች፤ ለሴቶች ትምህርት የተደረገው ያ ሁሉ ክርክር የትኞቹን ሴቶች እንደሚመለከት ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

ቢኖዲኒ በ23 ዓመቷ ግድም፣ ዝናዋ ገና ከፍ ባለበት ጊዜ መድረኩን ተወች፤ «አማር ኮታ»፣ ማለትም «ታሪኬ»፣ የታተመው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በ1912 ነው። ትረካው ለመምህሯ ለጊሪሽ እንደተጻፈ ደብዳቤ ሆኖ እየደጋገመ «ጌታዬ» እያለ ይጠራዋል። መቅድሙን እንዲጽፍላት ለመነችው፤ የጻፈላትን ስታነብ ግን እውነቱን ሁሉ ስላልያዘ አልተቀበለችውም፤ እንደገና ሊጽፍ ቃል ገብቶ በዚያው ዓመት ሞተ። ዝቅ ብላ የምትለምን ተማሪ የመምህሯን ጽሑፍ እውነት ይጎድለዋል ብላ ስትመልስ፣ ለአድማጭ የተሰጠው ቦታ መለወጡ ይታያል፤ ራሽሱንዳሪ ሁሉን ለሚያውቅ ትናገር ነበር፤ ቢኖዲኒ ግን እያወቀ ዝም ላለ ሰው ትናገራለች።

ሃይማባቲ ሴን ደግሞ ለማንም አልተናገረችም። በ1866 ገደማ በኩልና አካባቢ ከባለርስት ቤት ተወልዳ አባቷ እንደ ወንድ ልጅ ያሳደጋት ይህች ሴት ገና በ9 ዓመት ተኩሏ 45 ዓመት ለሚሆነው ሰው ተዳረች፤ ዓመት ሳይሞላም ሞተባትና በአሥር ዓመቷ መበለት ሆነች። በዘመኑ መጽሔቶች ላይ ወንዶች ስለ ሕፃናት ጋብቻ ሲከራከሩ አንቀጽና ሃይማኖታዊ ጥቅስ ይጠቅሱ ነበር፤ ሃይማባቲ ያንን የጋብቻ አልጋ አንዲት ሕፃን ከውስጥ ሆና እንዳየችው፣ ፍርሃቷንና የሰውየውን ድርጊት ሳትሸፍን ጽፋዋለች። ከዓመታት እንግልት በኋላ ካልካታ ደርሳ ከብራህሞ ማኅበር ሰዎች ጋር ኖረች፤ በ1890 ኩንጃቤሃሪ ሴን የተባለውን የማኅበሩን ሰባኪ አገባች፤ ከዚያም በካምቤል የሕክምና ትምህርት ቤት በአገሩ ቋንቋ ይሰጥ የነበረውን ሥልጠና ገባች። በ1894 ከሁሉ በልጣ ስትፈጽም የወርቁ ሜዳይ ለሴት አይሰጥም ብለው ወንዶቹ ተማሪዎች አደሙ፤ እርሷም ነገሩ እንዲበርድ ወርቁን ትታ የብሩን ሜዳይና ወርኃዊ ድጎማን ተቀበለች።

ከዚያ በቺንሱራ በሚገኘው በሁግሊ የዳፈሪን የሴቶች ሆስፒታል ተቀጥራ ለብዙ ዓመታት አከመች፤ ደመወዟን ለባሏ ታስረክባለች፣ ባሏም ይመታታል፣ በሌሊት ለምጥ ስትጠራ ልጆቿን አስተኝታ ትሄዳለች፣ የተጣሉ ሕፃናትንም ሰብስባ ታሳድጋለች። ገንዘብ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሥፍራ ከቀደሙት ይለያል፤ ስንት እንደተከፈላት፣ ምን ሸጣ የማንን ዕዳ እንደከፈለች እየቆጠረች ትጽፋለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሠርታ በምታገኘው የምትኖር ሴት ሕይወቷን በሒሳብ መዝገብ ጭምር ማስታወሷ በቤንጋል ግለ ታሪክ አዲስ ነገር ነበር። አምላክን አልፎ አልፎ ታነሣዋለች፣ «ጌታዬ» የምትለው መምህር ግን የላትም፤ መግቢያ የሚጽፍላትም አልፈለገችም። በሸመገለች ጊዜ በቤንጋሊ የጻፈችውን ደብተር ሳታሳትመው በ1933 አረፈች፤ ደብተሩ በቤተሰቧ እጅ ቆይቶ በጄራልዲን ፎርብስና በታፓን ራይቻውዱሪ አማካይነት ለሰፊው አንባቢ የደረሰው በ2000፣ እርሱም በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው።